የተከለከለው ለቅሶና የሳሌም መኩሪያ ካሜራ

በቀድሞው ዘመን የአገራችን ታሪክ ሁለት ጠባቂዎች ነበሩት ቢባል ከእውነት አያርቅም። አንደኛው በቤተ መንግሥት ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ ብራናውን ፍቆ፣ ቀለሙን በጥብጦ፣ የንጉሡን ዘመቻና ሹመት፣ የጠላቱን ሽንፈትና የደብሩን ምረቃ በግእዝ የሚጽፈው የዜና መዋዕል ጸሐፊ ሲሆን፣ ሁለተኛዋ ደግሞ ፊደል ሳትቆጥርና ሹመት ሳትጠብቅ በለቅሶ ቤት ግቢ ቆማ፣ የሟቹን ትውልድና ጀግንነት፣ ደግነቱንና የደረሰበትን በደል በሙሾ እየደረደረች ለሰሚ የምታስረክበው አልቃሽ ነበረች። የመጀመሪያው ጽሑፍ በገዳማትና በቤተ መጻሕፍት ተጠብቆ እስከ ዛሬ ደርሶናል፤ የሁለተኛዋ ቃል ግን በሰሚዎች ልብ ካልቀረ በቀር መዝገብ አላገኘም። ይሁን እንጂ ዜና መዋዕሉ ያሸነፉትን ሲያነሣ ሙሾው የሞቱትን በየስማቸው ይጠራ ስለ ነበር፣ የቤተሰብንና የመንደርን ታሪክ ለመረዳት ለሚሻ ሰው የአልቃሿ ምስክርነት ከጸሐፊው ምስክርነት የሚያንስ አልነበረም።

ይህን ማስቀደሜ ስለ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ጥበብ፣ በተለይም በዚህ ጥበብ ፋና ወጊ ከሆኑት ኢትዮጵያውያት አንዷ ስለ ፕሮፌሰር ሳሌም መኩሪያ ለመናገር ነው። የእኚህን ሴት ሥራ ከፈረንጅ ፊልም ታሪክ ጋር ብቻ እያስተያዩ የሚመዝኑ ሰዎች ግማሹን ምሥጢር ይስቱታል ብዬ አምናለሁና። ግማሹ ምሥጢር በለቅሶ ቤታችን ውስጥ ነው።

ተንቀሳቃሽ ሥዕል ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ ዘመን ሲሆን፣ መጀመሪያ የቤተ መንግሥት መደነቂያ፣ ቀጥሎም የከተማ መዝናኛ ሆነ። ከጂቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ እስኪደርስ ድረስ ድሬዳዋን፣ አዋሽን፣ መተሐራን፣ አዳማንና ሞጆን እንደ መቁጠሪያ በአንድ ሐዲድ ሰክቷቸው ስለ ነበር፣ የእኛ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ከባሕር ማዶ የሚመጣውን ሸቀጥም ወሬም ለመቀበል ከብዙዎቹ የደጋ ከተሞች ይቀድሙ ነበር። በመዲናይቱ ግን አዲሱ ነገር ያለ ጥርጣሬ አልታለፈም፤ በጨለማ ቤት ውስጥ ነፍስ የሌለው ጥላ ሲራመድና ሲስቅ ያየው ሕዝብ የመጀመሪያውን የሲኒማ ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎ እንደ ጠራው የታወቀ ነው። ሕዝቡ በቤቱ ላይ ይህን ስም ቢያወጣም በሩን ከመርገጥ አልተከለከለም፤ እያማተበ ገባ፣ እያደነቀ ወጣ።

የሲኒማ ቤቶቹ ባለቤቶችና የመሣሪያው ጌቶች ለብዙ ዓመታት የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። በ1957 ዓ.ም. የታየው «ሂሩት አባቷ ማን ነው» የተባለው የመጀመሪያው የአማርኛ ረዥም ፊልም እንኳ ድርሰቱ የኢላላ ኢብሳ ይሁን እንጂ ያዘጋጀው ላምብሮስ ጆካሪስ የተባለ ግሪካዊ ነው። ከዚያ በኋላ ሚሼል ፓፓታኪስ ስለ ደም ካሳ ሥርዓት «ጉማ»ን ሠራ፤ ኃይሌ ገሪማ በአብዮቱ ሰሞን ወደ አገሩ ተመልሶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የቀረጸውን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን እ.ኤ.አ. በ1976 ለዓለም አሳየ፤ ሰሎሞን በቀለም ቆይቶ «አስቴር»ን አቀረበ። ልብ ብሎ ለተመለከተው በዚህ የፊልም ሐረግ ውስጥ ሴት ያልታየችበት ዘመን የለም። ሁለቱ ፊልሞች እንዲያውም በአርእስታቸው የሴት ስም ይዘዋል። ሂሩት ከገጠር ወጥታ በከተማ ገላዋን ለመሸጥ የምትገደድ ልጅ ናት፤ ተመልካችም አዝኖላታል፣ አልቅሶላታል። ነገር ግን ስለ ሂሩት የሚያየው ዓይንና የሚፈርደው አንደበት የወንድ ነበር። ሴቲቱ በሥዕሉ ላይ ነበረች እንጂ ከመሣሪያው ጀርባ አልነበረችም።

ሳሌም መኩሪያ ወደ አሜሪካ የተሻገሩት በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የመጨረሻ ዓመታት፣ የዩኒቨርሲቲው ወጣት «መሬት ለአራሹ» እያለ አደባባይ በሚወጣበት በዚያ ዘመን አካባቢ ነው። የእርሳቸው ትውልድ ትምህርትን እንደ መንግሥተ ሰማያት ቍልፍ፣ አብዮትን እንደ ዳግም ልደት የሚያይ ትውልድ ነበር። ለትምህርት የወጣውም አብዛኛው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተመልሶ አገሩን ሊያገለግል አስቦ ነበር፤ ነገር ግን መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡ ከዙፋናቸው ወርደው፣ ብዙ ሳይቆይም አብዮቱ የገዛ ልጆቹን መብላት ሲጀምር፣ ለትምህርት የተወጣው ጉዞ ሳይታሰብ ወደ ስደት ተለወጠ።

ሙያውን የለመዱት በቦስተን ከተማ፣ ደብልዩ ጂ ቢ ኤች በሚባለው የሕዝብ ቴሌቪዥን ጣቢያ፣ «ኖቫ» የተባለው ታዋቂ የሳይንስ ዝግጅት በሚሰናዳበት ክፍል ነው። በዚያ ቤት ያለው ሥርዓት ጽኑ ነው፤ የሚነገረው ሁሉ ማስረጃ ይጠየቅበታል፣ የሚቈረጠውና የሚቀጠለው ሥዕል ሁሉ ምክንያት ይጠየቅበታል። በስማቸው ካቀረቧቸው ቀደምት ሥራዎች አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው፣ በማሳቹሴትስ ጠረፍ ባለችው ማርታስ ቪንያርድ በምትባል ደሴት ላይ ስለ ኖሩ ጥቁሮች የሚተርክ ነበር፤ በ1991ም በሃርለም የሥነ ጽሑፍ ተሐድሶ ዘመን ከተነሡት ደራስያን መካከል በዕድሜ ዘልቀው ስለ ቀሩት ስለ ዶሮቲ ዌስት ሌላ ፊልም አዘጋጁ። የስደተኛ ሴት እጅ የራሷን ቤት ኀዘን ከመንካቷ በፊት የሌላ ሕዝብ አረጋውያን የሚናገሩትን በትዕግሥት ማዳመጥን መልመዷ ለኋላ ሥራዋ ታላቅ ስንቅ ሆኗታል። በካሜራ ፊት የተቀመጠ ሽማግሌ ወይም አሮጊት የሚናገረው ለጠየቀው ሁሉ አይደለምና፤ ለሚያዳምጠው ነው።

በዚያው በ1991 «ስደት» የተባለው ፊልም ወጣ። በዚያን ጊዜ በሱዳን ምድር ከጦርነትና ከረኀብ የሸሹ በመቶ ሺዎች የሚቈጠሩ ስደተኞች ሰፍረው ነበር። የዓለም ጋዜጠኞች ካሜራ ከጥቂት ዓመታት በፊት በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ስለ ኢትዮጵያውያን ያሳየው ሥዕል ስም የሌለው ብዙ ሕዝብ፣ አጥንቱ የወጣ ሕፃንና ዝንብ የወረረው ፊት ነበር። የሳሌም ካሜራ ግን ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ሦስት ሴቶችን ለይቶ ያዘ፤ እያንዳንዳቸው ከየት እንደ ተነሡ፣ ማንን እንዳጡና ኑሮን እንዴት እንደሚገፉ በራሳቸው አንደበት እንዲናገሩ አደረገ። ይህ ምርጫ ለብቻው አንድ ትምህርት ነው። የእርዳታ ለማኝ ሥዕል ብዛትን ይሻል፤ ምስክርነት ግን ስምንና ድምፅን ይሻል። አልቃሿም ብትሆን «ብዙ ሰው ሞተ» ብላ አታለቅስም፤ አንዱን በስሙ ጠርታ፣ በእናቱና በአባቱ፣ በሞያውና በአካሄዱ ገልጣ ነው የምታስለቅሰው።

ቀጥሎ የመጣውና በ1990ዎቹ አጋማሽ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር የተፈጸመው «የወንዝ ማዕበል» ግን የገዛ ቤታቸው ኀዘን ነበር። ፊልሙ ደብዛው ለጠፋ ወንድማቸውና ለተገደለች የልብ ጓደኛቸው የቆመ መታሰቢያ ሲሆን፣ በእነርሱ በኩል አድርጎ የዚያን የተማሪ ትውልድ ሕልም፣ መከፋፈልና ጥፋት ይተርካል። ስለ ቀይ ሽብር የሚያውቅ ሁሉ እንደሚያስታውሰው፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ወጣቶች እየተገደሉ ሬሳቸው በየመንገዱ ሲጣል፣ በደረታቸው ላይም ማስፈራሪያ ጽሑፍ ሲለጠፍ፣ ወላጆች የልጃቸውን አስከሬን ለማንሣት የጥይቱን ዋጋ እንዲከፍሉ ይጠየቁ ነበር። ከዚህም ሁሉ የከፋው በአደባባይ ማልቀስ መከልከሉ ነው። ድንኳን አይተከልም፣ ደረት አይመታም፣ ሙሾ አይወርድም፤ እናት ልጇን እንዳጣች በፊቷ ላይ እንዳይታወቅባት ከጎረቤት ፊት ተሸሽጋ በትራሷ ላይ ታለቅስ ነበር። ለዘመናት ነገሥታትና መሳፍንት ሲለዋወጡ ጸንቶ የኖረውን የለቅሶ ሥርዓት የነካ መንግሥት ተነሣ።

እንግዲህ የነገሬ ቍም ነገር ይህ ነው። «የወንዝ ማዕበል» ሙሾ የተከለከለበት ትውልድ ሙሾ ነው። በጊዜው ያልተለቀሰው ለቅሶ፣ ያልተጠራው ስም፣ ያልተነገረው የሟች ታሪክ ሃያ ዓመት ያህል ቈይቶ፣ በባዕድ አገር፣ በካሜራና በማቀናበሪያ መሣሪያ ተነገረ። የሟቹ ፎቶግራፍ በለቅሶ ቤት ከፍ ተደርጎ እንደሚያዝ ሁሉ በሥዕሉ ላይ ከፍ ብሎ ታየ፤ የዘመድ ቃል ተሰማ፤ ሞቱን ያመጣው ነገርም ተመረመረ። ልዩነቱ ግን ሊታለፍ አይገባም። የመንደር ሙሾ ሰሚው የሟቹ ወዳጅና ጎረቤት ሲሆን፣ የዚህ ፊልም ተመልካች በአብዛኛው ያ ትውልድ ስለ ተከፋፈለባቸው ፓርቲዎች፣ ስለ ኢሕአፓም ስለ መኢሶንም ሰምቶ የማያውቅ የአሜሪካና የአውሮፓ ሰው ነበር። ስለዚህ አዘጋጅዋ እያለቀሱ ማስረዳት፣ እያስረዱም ማልቀስ ግድ ሆነባቸው፤ የለቅሶውንና የዜና መዋዕሉን ሥራ፣ ማለት የአልቃሿንና የጸሐፊውን ድርሻ፣ በአንድ እጅ ደርበው ያዙ። በአገራችን ትውፊት እነዚህ ሁለት ሥራዎች በአንድ ሴት እጅ የተገናኙበትን ሌላ ቀደምት ምሳሌ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ፕሮፌሰር ሳሌም በዌልስሊ የሴቶች ኮሌጅ የፊልምና የቪዲዮ ጥበብ እያስተማሩ፣ ከተለመደው የትረካ ፊልም ወጥተው በአንድ ጊዜ በሦስት ሰሌዳ ላይ የሚታይ የቪዲዮ ሥራ ማዘጋጀት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2003 ስለ ኢትዮጵያ የሠሩት እንዲህ ያለ ሥራ በቬኒስ ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ትርኢት ላይ በአፍሪካ ዘመናዊ ጥበብ መድረክ ቀርቧል። ሦስት ሥዕሎች ጎን ለጎን ሲሄዱ ተመልካቹ አንዱን ብቻ «እውነቱ ይህ ነው» ብሎ መያዝ አይችልም፤ አንዱን ሲያይ ሌላው ያመልጠዋል። የተከፋፈለ ትውልድን ታሪክ ለሚተርክ ሰው ይህ ቅርፅ ከጌጥነት ያለፈ ትርጉም አለው።

በዓለም ዙሪያ ሴቶች ወደዚህ ጥበብ የገቡበት በር አንድ ዓይነት አለመሆኑን ለማየት የሜክሲኮን ታሪክ ማንሣት ይጠቅማል። ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን በወረረች ጊዜ ወረራውን አናጸድቅም ካሉት ጥቂት መንግሥታት አንዱ የሜክሲኮ መንግሥት ስለ ነበር፣ አዲስ አበባ ሜክሲኮ አደባባይ ሲኖራት ሜክሲኮ ከተማም በስማችን የሚጠራ አደባባይና የባቡር ጣቢያ አላት። በዚያች አገር ማቲልደ ላንዴታ የተባሉ ሴት እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ በፊልም ሥራ ቤት የትዕይንት ተከታታይነት ጠባቂ፣ ማለት አንዱ ትዕይንት ከሌላው ጋር በልብስም በዕቃም በቃልም እንዳይጋጭ የሚመዘግቡ ሠራተኛ ሆነው ከ70 በሚበልጡ ፊልሞች ላይ አገለገሉ። ረዳት ዳይሬክተር ለመሆን ሲጠይቁ የሙያ ማኅበሩ ወንዶች እንቢ አሉ፤ አንድ ቀንም ሰው ሠራሽ ጺም ለጥፈው የወንድ ባርኔጣ ደፍተው ሥራ ቤት መግባታቸው ሲተረክ ይኖራል። ከብዙ ሙግት በኋላ ተፈቀደላቸው። ነገር ግን ዳይሬክተር ለመሆን ገንዘብ የሚሰጣቸው ስላልተገኘ የራሳቸውን ንብረት አስይዘው ማኅበር አቋቁመው በ1948፣ በ1949 እና በ1951 ሦስት ፊልሞች ሠሩ። ከእነርሱም ሁለተኛው በሜክሲኮ አብዮት ጦር መርታ የኮሎኔልነት ማዕረግ ስለ ያዘች ጥቁር ሴት ሲሆን፣ ሦስተኛው ስለ ጎዳና ሴተኛ አዳሪዎች ይተርካል፤ የተከበረችውን ባለትዳርና የተናቀችውን የጎዳና ሴት ጎን ለጎን አቁሞ፣ ለገንዘብ ብላ ያገባችው ከጎዳናዋ ሴት በምን እንደምትሻል ተመልካቹን ይጠይቃል። ላንዴታ ከዚያ በኋላ ረዥም ፊልም እንዲሠሩ ዕድል የተሰጣቸው አርባ ዓመት አልፎ፣ በስተርጅና፣ በ1991 ነው። በመካከሉ ስማቸው ተረስቶ ነበር፤ በ1975 የዓለም የሴቶች ዓመት ሲከበር አሮጌ ሥራቸው ከተቀመጠበት ወጥቶ እንደ ገና በመታየቱ ነው ወደ ታሪክ መዝገብ የተመለሱት።

የሜክሲኮይቱ በር ተዘግቶ የሚንኳኳ በር ነበር፤ ከበሩ ጀርባ ብዙ ስቱዲዮ፣ ጠንካራ የሙያ ማኅበርና በየዓመቱ በብዛት የሚሠራ ፊልም ነበረ። የእኛዋ ሴት ግን የምታንኳኳው በር እንኳ አልነበራትም። በአገር ውስጥ የነበረው የፊልም ሥራ በመንግሥት እጅ ያለ ጠባብ ሥራ ነበርና፣ የመጀመሪያዎቹ ሥራዎቿ በባዕድ ቴሌቪዥንና በባዕድ ኮሌጅ ጥላ ሥር ተወለዱ። ሁለቱን ሴቶች የሚያገናኛቸው ግን በ1975 የታየው ነገር ነው፤ ቀዳሚነት በችሎታ ይገኛል፣ የሚታወሰው ግን ሥራው ተጠብቆ ሲታይ ብቻ ነው።

የመንግሥት የፊልም ኮርፖሬሽን ከፈረሰና የዲጂታል ካሜራ ከረከሰ በኋላ፣ በ1990ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ የአማርኛ ፊልም እንደ ክረምት እንጉዳይ ፈላ። በዚህ ገበያ ውስጥ ሴቶችም የዳይሬክተርነትን ወንበር ያዙ። አይዳ አሸናፊ «ጉዞ» በተባለው ሥራቸው የከተማ ወጣቶች ወደ ገጠር ሄደው ከገበሬ ቤተሰብ ጋር የኖሩበትን ቀረጹ። ቅድስት ይልማ «ረቡኒ»ን ጽፈው አዘጋጅተው የሕዝብ ፍቅርና የጉማ ሽልማት አገኙበት። ሄርሞን ኃይላይ ስለ አንድ የታክሲ ሹፌርና ስለ አንዲት ሴተኛ አዳሪ ያዘጋጁት ፊልም እ.ኤ.አ. በ2015 በቶሮንቶ ዓለም አቀፍ የፊልም በዓል ላይ ታየ። ይህ የመጨረሻው በተለይ ልብ የሚባል ነው፤ ከሂሩት ጀምሮ ግማሽ መቶ ዓመት ያህል በወንድ ዓይን ስትታይ የኖረችው የከተማ ሴት አሁን በሴት ዓይን ታየች። እነዚህን አዘጋጆች በሙሾ ትውፊት ውስጥ ላስገባቸው አልሻም፤ እነርሱ የገበያ ሰዎች ናቸው፣ ቲኬት ገዝቶ የሚገባውን ተመልካች ማሳቅና ማስለቀስ ነው ሥራቸው፤ ለዚህም ሊከበሩ ይገባል።

የሳሌም መንገድ ግን በሌሎች ቀጥሏል። በካናዳ ያደጉት ታማራ ዳዊት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጡት፣ ርእሱ «ሳሊን ፍለጋ» ተብሎ ሊመለስ በሚችል ፊልማቸው፣ ከባለ ሥልጣን ቤት ተወልዳ ኢሕአፓን ተቀላቅላ ደብዛዋ የጠፋውን አክስታቸውን ታሪክ ይመረምራሉ። ቤተሰቡ ለብዙ ዓመታት ስለ እርስዋ መናገርን ትቶ ነበር፤ የለቅሶ ክልከላው መንግሥቱ ከወደቀ በኋላም በየቤቱ በዝምታ መልክ ጸንቶ ኖሯልና። ከ«የወንዝ ማዕበል» ሩብ ምዕት ዓመት ያህል ቈይቶ፣ ከእኅት ወደ ወንድም ልጅ ትውልድ ተላልፎ፣ ያው ጥያቄ እንደ ገና በካሜራ ተጠየቀ።

ሜክሲኮና ኢትዮጵያ በአንድ ሰው የተገናኙበትም ምሳሌ አለ። ጄሲካ በሽር በሜክሲኮ ከተማ ከሜክሲኮአዊት እናትና ከኢትዮጵያዊ አባት ተወልደው በሐረር አደጉ፤ በአሥራ ስድስት ዓመታቸው በዘመኑ ሁከት ምክንያት ከቤተሰባቸው ጋር ከአገር ወጡ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ተመልሰው አሥር ዓመት ያህል በቀረጹት፣ በጥቁርና በነጭ በተሠራው «ፋያ ዳዪ» ውስጥ፣ በሐረር ዙሪያ ጫት የሕዝቡን ማሳ፣ ጊዜና ሐሳብ እንዴት እንደ ያዘ፣ ወጣቶቹም ባሕር አቋርጠው ለመሰደድ እንዴት እንደሚያልሙ በኦሮምኛ፣ በሐረሪና በአማርኛ ይሰማል። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2021 በሰንዳንስ ታይቶ በስዊስ አገር በሚደረገው በቪዝዮን ዱ ሬኤል የፊልም በዓል ታላቁን ሽልማት አገኘ። ከሐረር የሚመጣው መንገድ በአዋሽና በመተሐራ አልፎ አዳማ ይደርሳልና፣ በዚህ ፊልም ውስጥ ያለው ጫትና ስደት ለእኛ የስምጥ ሸለቆ ሰዎች የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። እዚህም ሙሾ አለ፤ ነገር ግን ለሞተ ሰው አይደለም፣ በሕይወት ሳለ ከአገሩ ልቡ ለወጣ ወጣት ነው።

እነዚህ ሥራዎች ሁሉ ስለ እኛ ተሠርተው በአብዛኛው የሚኖሩት ከእኛ ርቀው ነው። የፕሮፌሰር ሳሌምን ፊልሞች የሚያከፋፍለው ድርጅት በኒው ዮርክ ሲሆን፣ ቅጂዎቹ በአሜሪካ ኮሌጆች መደርደሪያ ላይ ይገኛሉ። የዜና መዋዕል ብራናዎቻችን በለንደንና በፓሪስ ቤተ መጻሕፍት መቀመጣቸው እንደሚያስቈጨን ሁሉ ይህም ሊያስቈጨን ይገባ ነበር፤ ልዩነቱ ብራናውን ለማስመለስ ታላቅ ሙግት ሲያስፈልግ የፊልም ቅጂ ግን በጥቂት ገንዘብና በአንድ ደብዳቤ ሊመጣ መቻሉ ነው። በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ በወመዘክር መዝገብ ውስጥ ከብራናውና ከጋዜጣው ጎን «ስደት»ና «የወንዝ ማዕበል» ሊቀመጡ፣ በአዳማም ሆነ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪዎች ስለ ቀይ ሽብር ሲማሩ ሊታዩላቸው ይገባል። ሙሾ ሰሚ ካላገኘ ሙሾ አይባልም፤ ይህኛውም የተነገረው ለባዕድ ብቻ እንዲሆን አይደለም። በ1969 ዓ.ም. እናቶች እንዳያለቅሱ የከለከላቸው መንግሥት ከብዙ ጊዜ በፊት ወድቋል፤ ዛሬ ሳንሰማ ብንቀር የከለከለን መንግሥት ነው ለማለት አንችልም።